መጋረጃው በግሱ ላይ፦ ጾታ፣ አክብሮትና ምስጢር በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መነባንብ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር «ክዊርስ» በሚል የወል ርእስ ስምንት መነባንቦች ለመድረክ በቁ፤ በቢቢሲ ፎር የቴሌቪዥን ጣቢያም ተላለፉ። መነሻው በእንግሊዝና በዌልስ በሁለት ወንዶች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በከፊል ከወንጀልነት ያወጣው የ1967 ሕግ 50ኛ ዓመት መከበሩ ነበር። ዝግጅቱን የመራው ማርክ ጌቲስ ሲሆን ከስምንቱ ጽሑፎች አንዱ የእርሱ ነው፤ ሌሎቹን ሌሎች ደራስያን ጽፈዋቸዋል። እያንዳንዱ መነባንብ አንድ ተናጋሪና አንድ ዘመን አለው። በ1917 ከጦር ግንባር የተመለሰ ወጣት ወታደር አለ፤ በ1929 የወንድ ልብስ ለብሳ የምትኖር ሴት አለች፤ በ1941 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ በዚያ የነበረ ጥቁር ወጣት አለ፤ በ1957 ባሏ ወንዶችን እንደሚወድ የተረዳች ሚስት አለች። የመጨረሻው ተናጋሪ በ2016 በሠርጉ ቀን የሚያሰማውን ንግግር የሚያሰናዳ ሙሽራ ነው። በቴሌቪዥኑ ቅጂ ሁሉም በየዘመናቸው በአንድ መሸታ ቤት ተቀምጠው ይናገራሉ፤ የሚመልስላቸው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የዝግጅቱ ኪነ ጥበባዊ ዋጋ አይደለም፤ ሰዋስው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ስለሚያፈቅረው ሰው ሲናገር ቋንቋው ምን እንዲሰውር ይፈቅድለታል? ምንስ እንዲገልጥ ያስገድደዋል? እንዲህ ያለ መነባንብ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ስዋሂሊ ሲተላለፍ ከቃላቱ ይልቅ መደበቂያው ነው ቦታ የሚለውጠው። እንግሊዝኛ የሚደብቀውን አማርኛ ይገልጣል፤ አማርኛ የሚደብቀውን ትግርኛ ይገልጣል፤ ስዋሂሊ ደግሞ በተውላጠ ስም በኩል የሚገለጥም የሚደበቅም ነገር የለውም። ይህ ልዩነት ለመድረክ ባለሙያው የስልት ጉዳይ ነው፤ ድርጊቱ በሕግ በሚያስቀጣበት አገር ለሚኖር ተናጋሪ ግን ከስልት ያለፈ ነው።

ስም የማጣት ችግር

ወደ ሰዋስው ከመግባት በፊት በመጠሪያው ላይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ሥር የሰደደው ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። «ግብር» የሚለው የግእዝ ስም በዘርፍ አያያዝ ከኦሪት ዘፍጥረቱ ከተማ ስም ጋር ተጣምሮ የተሠራ በመሆኑ ፍርዱን በውስጡ ይዟል፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚጠቀምበትም ይኸው ቃል ነው። በመገናኛ ብዙኃንና በትርጉም ሥራ የተለመደው «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ፍርድ አይሸከምም፤ ይሁን እንጂ የጽሕፈት ቤት ቃል ነው። ተዋናይ በመድረክ ቆሞ ስለ ራሱ «እኔ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ» ቢል ሪፖርት የሚያነብ ይመስላል እንጂ ልቡን የሚከፍት አይመስልም። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ቃል የሚጠቀመው ለማብራሪያ ጽሑፍ ስለሚስማማ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ለቋንቋ ተመራማሪ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚስበው እርሱ ነው። በኢትዮጵያ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ በይፋ ተጽፏል። ቃሉ አልተጣመመም፣ ድምፁ አልተለወጠም፣ ከባዕድም አልተወሰደም። በአደባባይ የሚነገር የተከበረ ቃል ሲሆን ሁለተኛው ትርጉሙ የሚሰማው ለሚያውቀው ብቻ ነው። የኡጋንዳው «ኩቹ» እና የስዋሂሊው «ሾጋ» በሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። «ኩቹ» የውስጥ መጠሪያ ሆኖ ኖሮ በ2012 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ርእስ ውስጥ ገብቶ ዓለም አወቀው። «ሾጋ» በባሕር ዳርቻው አካባቢ ሴት ለሴት ወዳጇ የምትጠራበት ቃል ሲሆን ለወንድ ሲነገር ግን መለያም ስድብም ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚወስነው ማን ለማን እንደተናገረው ነው።

እንግሊዝኛ ምኑን ይደብቃል?

በእንግሊዝኛ አንደኛና ሁለተኛ መደብ ጾታ አያመለክቱም። «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» የሚለያዩበት መንገድ የለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ላልቀረበ ወዳጅ በሁለተኛ መደብ የሚነገር መነባንብ ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል፤ አድማጩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያዳምጥ ተፈቃሪው ወንድ ይሁን ሴት ከሰዋስው አይረዳም። አደጋው ያለው በነጠላ ሦስተኛ መደብ ላይ ነው። በዚያም ቢሆን በብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም ነጠላ ሰውን መጥራት፣ ወይም ጾታ የሌለውን «ወዳጅ» ወይም «አጋር» የሚል ስም መደጋገም ይቻላል። በእንግሊዝኛ ራስን መግለጥ ብዙ ጊዜ በአንዲት አጭር ተውላጠ ስም የሚፈጸመው በዚህ ምክንያት ነው።

መነባንብ ከአጭር ተውኔት የሚለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ይታያል። በኖቬምበር 2011 በኒው ዮርክ ሚኔታ ሌን ቴአትር «ስታንዲንግ ኦን ሰረመኒ» በሚል ስም ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተጻፉ አጫጭር ተውኔቶች በአንድ ምሽት ተቀናብረው ይታዩ ነበር። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩ ተመልካቹ ሁለቱንም ስለሚያይ ሰዋስው የሚደብቀው ነገር የለም። በመነባንብ ግን ሌላው ሰው በመድረኩ ላይ የለም። እርሱን የሚያመጣው ቋንቋው ብቻ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት አድርጎ የሚያመጣውም ቋንቋው ነው።

ከስዋሂሊና ከሉጋንዳ ጎን

በስዋሂሊ «አናምፔንዳ» የሚለው አንድ ቃል አማርኛ «ይወደዋል፣ ይወዳታል፣ ትወደዋለች፣ ትወዳታለች» ብሎ በአራት የሚከፍለውን ይይዛል። የስም ምድቡ ሰውን ከዛፍና ከዕቃ ይለያል፤ ወንድን ከሴት አይለይም። «ናኩፔንዳ» የሚለው የሁለተኛ መደብ አነጋገርም እንዲሁ ነው። ሉጋንዳም በዚህ ረገድ የስዋሂሊ ወንድም ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ተናጋሪ በተውላጠ ስም አፉ ሊያመልጠው አይችልም፤ በእንግሊዝኛ መነባንብ አዳራሹን ጸጥ የምታሰኘው ያቺ አጭር ቃል በስዋሂሊ አቻ የላትም።

ጾታው ግን ከቋንቋው ጠፍቶ አልቀረም፤ ወደ መዝገበ ቃላቱ ተዛውሯል፤ በተለይ ወደ ጋብቻ ግሶች። በስዋሂሊ ወንድ ሲያገባ «ኩኦአ»፣ ሴት ስትገባ ግን የዚሁ ግስ ተደራጊ ቅርጽ «ኩኦሌዋ» ይባላል። በሉጋንዳ ወንዱ «ኦኩዋሳ»፣ ሴቷ «ኦኩፉምቢርዋ» ነው። በአገራችንም ኦሮምኛ ለወንዱ «ፉዹ»፣ ለሴቷ «ሄሩሙ» የሚሉ የተለያዩ ግሶች አሉት። በስዋሂሊ አንድ ወንድ ስለ ራሱ ተደራጊውን ቅርጽ ቢጠቀም ሰዋስዋዊ ስሕተት አይባልም፤ ቅርጹ ትክክል ነው። አድማጩ ግን እንደ ቀልድ፣ እንደ ስድብ ወይም እንደ ድፍረት ይሰማዋል። እንግሊዝኛው በተውላጠ ስም የሚሠራውን ስዋሂሊ በአድራጊና በተደራጊ ግስ ይሠራዋል ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ ስዋሂሊው የሚገልጠው ሲመርጥ ብቻ መሆኑ ነው። በስሕተት «ኩኦሌዋ» የሚል ወንድ የለም።

ይህን በተግባር ለማየት የናይሮቢው «ስቶሪስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ይጠቅማል። ፊልም ቢሆንም አሠራሩ የአጫጭር ተውኔቶች ምሽት ነው፤ ዘ ኔስት የተባለው የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ስብስብ በኬንያ ካሰባሰባቸው የምስክርነት ቃሎች ተነሥቶ የሠራቸውን አምስት አጫጭር ታሪኮች በጥቁርና ነጭ ያቀርባል። ዳይሬክተሩ ጂም ቹቹ ነው። በ2014 በቶሮንቶ የፊልም በዓል ታየ፤ በዚያው ዓመት የኬንያ የፊልም ቦርድ በአገር ውስጥ እንዳይታይ ከለከለው። ከታሪኮቹ የአንዱ ርእስ «ኢቲሻ ፖአ» ነው፤ በናይሮቢ ወጣቶች አነጋገር «ደኅና አድርገህ ጠይቅ» ወይም «ደኅና አድርገሽ ጠይቂ» ማለት ነው። ይህን ሐረግ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሁለት ጊዜ መጻፍ እንዳስፈለገ አንባቢ ልብ ይላል። ስዋሂሊውም የእንግሊዝኛው ርእስም ለማን እንደተነገረ ሳይናገሩ ያልፋሉ፤ አማርኛው ማለፍ አይችልም።

የፊልም ግርጌ ጽሑፍ ጸሐፊም ተመሳሳይ ግዴታ አለበት። ገጸ ባሕርይዋ በስዋሂሊ ጾታ ሳትጠቅስ የተናገረችውን እርሱ በእንግሊዝኛ «እሱ» ወይም «እሷ» ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ አንባቢው ስዋሂሊ ሰሚው ገና ያልደረሰበትን ቀድሞ ያውቃል። በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተመልካቾች ምስጢሩን በተለያየ ደቂቃ ይሰሙታል።

አማርኛ፦ በግሱ መዝጊያ ላይ

አማርኛ አንደኛ መደብን ነጻ ያደርጋል፤ «መጣሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «እወዳለሁ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቅርጹ አይታወቅም። በዚህ ከዕብራይስጥ ይለያል። በዕብራይስጥ የአሁን ጊዜ ግስ የተናጋሪውን ጾታ ስለሚያሳይ ወንዱ «አኒ ኦሄቭ»፣ ሴቷ «አኒ ኦሄቬት» ይላሉ። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የራሳቸው ጾታ ብቅና ጥልቅ ይላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ጉዳይ ነው።

በነጠላ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ ግን አማርኛ ምሕረት የለውም። እንግሊዝኛ ፈጽሞ ነጻ ያደረገው ሁለተኛ መደብ በአማርኛ ዋናው መጋለጫ ነው፤ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ከማለት በቀር መካከለኛ የቅርርብ ቅርጽ የለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከሁሉ ይልቅ የሚሰውረው የመነባንብ ዓይነት፣ ማለትም ለሌለ ወዳጅ የሚነገረው፣ በአማርኛ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ግልጥ ነው።

ሦስተኛ መደብ ላይ ሁኔታው ይበልጥ ይረቅቃል። የአማርኛ ስሞች ለመሰወር እጅግ የተመቹ ናቸው። «ጓደኛዬ»፣ «ፍቅረኛዬ»፣ «የትዳር አጋሬ» ለወንድም ለሴትም ይሆናሉ። «ባለቤቴ» የሚለው እንኳ ባልም ሚስትም ነው፤ ሰዋስው ይኸንኑ ቃል ለዐረፍተ ነገር ባለቤት መዋሱ ለእኛ ሙያ እንደ ጨዋታ የሚቆጠር ነገር ነው። ባለቤቱ አይናገርም፤ የሚናገረው ግሱ ነው፤ ግሱ ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል።

ባለቤቴ ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ ከሐኪም ቤት መጣ።
ባለቤቴ ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ ከሐኪም ቤት መጣች።
ባለቤቴ ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ ከሐኪም ቤት መጡ።

ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙ በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ወድቆ የተቀረውን ሁሉ ቀለም ይሰጠዋል፤ በአማርኛ ተዋናዩ ከግሱ በፊት ትንፋሽ መውሰድ ይችላል። የሠርግ ንግግሩን የሚያሰናዳው ሙሽራ በአማርኛ ቢናገር ታዳሚው በየዐረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ ይጠብቀው ነበር። ይህ ከእንግሊዝኛው ያልመጣ፣ አማርኛው በራሱ የሚያበረክተው የድራማ ዐቅም ነው። ጠንቃቃ ተናጋሪ ግን ንኡስ ሐረግ መሸሽ አለበት፤ «ባለቤቴ ሲመጣ» ወይም «ስትመጣ» ካለ ምስጢሩ በመንገድ ላይ ይወድቃል።

«ሰው» የሚለው ስም ሌላ መሸሸጊያ ነው፤ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። «ሰው» በልማድ የወንድ ስምምነት ስለሚይዝ «የምወደው ሰው» የሚለው ለማንኛውም ሰው ይሆናል። ሴት የምትወድ ሴት ይህን ሐረግ ስትናገር በደንብ ትሰወራለች፤ ሰሚው ወንድ እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል፤ እርሷም አልዋሸችም። ወንድ የሚወድ ወንድ ይህንኑ ሲናገር ግን እውነቱን በቀጥታ ተናግሯል፤ የሚሸሸገው ሰሚው ሐረጉን እንደ ጅምላ አነጋገር ስለሚቆጥረው ብቻ ነው። አንዷን ሰዋስው ይከልላታል፤ ሌላውን የሚከልለው የሰሚው ግምት ነው።

የቀረው መውጫ የአክብሮት ቅርጽ ነው። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ጾታ አይለዩም። በድሮው ቤት ሚስት ባሏን «እሳቸው» ማለቷ የታወቀ በመሆኑ ቅርጹ ለትዳር እንግዳ አይደለም። የ1957ቷን ሚስት በአማርኛ ስናስባት ይህ ልማድ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል። በእንግሊዝኛው ባሏም የባሏ ወዳጅም በአንድ ተውላጠ ስም ስለሚጠሩ ማን ማን እንደሆነ በዐውዱ ካልሆነ በቀር አይለይም። በአማርኛ ባሏን «እሳቸው»፣ ሌላውን «እሱ» ብትል ሁለቱ ይለያሉ፤ ከዚያም በላይ በሁለቱ ላይ ያላት ስሜት በሰዋስው ይመዘናል። በመነባንቡ መካከል ባሏን በድንገት «እሱ» ብትል ያቺ አንዲት ለውጥ ከረጅም ወቀሳ ትበልጣለች።

ይሁን እንጂ «እሳቸው»ን ለሁሉም ችግር እንደ መፍትሔ መውሰድ ስሕተት ነው። ከግንባር የተመለሰው ወጣት ወታደር ስለ ወደደው መኮንን «እሳቸው» ቢል ማዕረጉ ያግዘዋል፤ የሰማ ሁሉ የበታች ስለ አለቃው ሲናገር ይሰማል። የ17 ዓመት ልጅ ስለ እኩያው «እሳቸው» ቢል ግን ፍቅሩ ወደ ሽማግሌ አክብሮት ይለወጣል፤ ምስጢሩ ይጠበቃል፤ መነባንቡ ግን ይሞታል። አክብሮት ያለ ምንም ኪሳራ የሚሠራበት አንድ ቦታ ለቅሶ ነው። በኒው ዮርኩ ምሽት የቀረበው የሞይሴስ ካውፍማን «የለንደን ትንኞች» ረጅም ዘመን አብሮት የኖረውን ወዳጁን የቀበረ ሰው የሚያሰማው ንግግር ነው። በአማርኛ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ተወለዱ፣ አገለገሉ፣ አረፉ» ማለት ደንብ በመሆኑ ሐዘንተኛው ርቀት ሳይፈጥር ጾታ ሳይጠቅስ ሊጨርስ ይችላል። ሰዋስዉ አንድ ሆኖ ሳለ የአነጋገሩ ዘውግ ዋጋውን ለወጠው።

ይህ መውጫ ለጎረቤት ቋንቋ እንኳ አይሠራም። በትግርኛ የሦስተኛ መደብ አክብሮት «ንሶም» ለወንድ፣ «ንሰን» ለሴት ነው፤ የሁለተኛ መደብ አክብሮትም «ንስኹም» እና «ንስኽን» ተብሎ ይለያል። ብዙ ቁጥርም ጾታ ይይዛል። አማርኛው በአክብሮት የዘጋውን በር ትግርኛው ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ በአማርኛ በአክብሮት የተሰወረ መነባንብ ወደ ትግርኛ ሲመለስ ተርጓሚው ደራሲው ያልወሰነውን መወሰን አለበት። ኦሮምኛ በመካከል ነው። ሁለተኛ መደቡ ነጻ ነው፤ ሦስተኛው «ዹፌ» (መጣ) እና «ዹፍቴ» (መጣች) ብሎ ይለያል፤ «ዹፍቴ» ደግሞ «መጣህ»ም «መጣሽ»ም ነው።

የጠቀሱት ሰው ቃል

አንደኛ መደብ ነጻ ነው ቢባልም በመነባንብ ነጻነቱ ብዙ አይቆይም። መነባንብ ያለ ጥቅስ አይሄድም፤ ተናጋሪው እናቱ ያለችውን፣ ፖሊሱ ያለውን ይደግማል። አማርኛ ደግሞ ጥቅስን በቀጥታ መድገም ይወዳል፤ እያንዳንዱ ጥቅስም «አለኝ» ወይም «አለችኝ» በሚል ይዘጋል። እዚያ ውስጥ የተናጋሪው የራሱ ጾታ በሌሎች አፍ ይመለስበታል። «እናቴ "ና" አለችኝ» እና «እናቴ "ነይ" አለችኝ» አንድ ዓይነት ሰው አይደሉም።

የ1929ኟን ባለ ወንድ ልብስ ሴት በዚህ ዐይን ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ ሰዎች እንዴት እንደተቀበሏት የሚታወቀው «ጌታዬ» ዓይነት መጠሪያ ሲጠቀሙ ነው። በአማርኛ እያንዳንዱ የተጠቀሰ ትእዛዝ፣ እያንዳንዱ ሰላምታ ምርጫ ይጠይቃል፤ አሳላፊው «ምን ልታዘዝ፣ ምን ይጠጣሉ?» ብሎ በአክብሮት ሲያልፍ፣ ወዳጁ «ተቀመጥ» ሲል፣ የምታውቃት ሴት ብቻ «ተቀመጪ» ስትል ይሰማል። ማን ምን እንደሚያውቅ ተመልካቹ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳል። ስለ ጾታ ለውጥ የሚናገር ሰው መነባንብም እንዲሁ ነው፤ ዘመድ ከ«አንተ» ወደ «አንቺ» የተሻገረበት ቀን ራሱ የታሪኩ መካከል ሊሆን ይችላል።

የምስጢር ቃላት

በስብስቡ የ1967ቱ መነባንብ «አይ ሚስ ዘ ዋር» ይባላል። ተናጋሪው ዕድሜው የገፋ ሰው ሲሆን ንግግሩን በፖላሪ ቃላት ያጅባል። ፖላሪ በእንግሊዝ የመድረክ ሰዎች፣ መርከበኞችና ወንድ አፍቃሪ ወንዶች መካከል የኖረ የምስጢር አነጋገር ነው። ሰዋስዉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱ ከጣልያንኛ፣ ከሜዲትራኒያን የንግድ ቋንቋ፣ ከሮማ ሕዝቦች ቋንቋ፣ ከዪዲሽና ፊደሉ ከተገለበጠ እንግሊዝኛ የተለቀሙ ናቸው። «ቦና» ጥሩ፣ «ቫዳ» ማየት፣ «ኦሚ» ወንድ፣ «ፓሎን» ሴት፣ ሁለቱ ሲጣመሩ «ኦሚፓሎን» ወንድ አፍቃሪ ወንድ ማለት ነው። ከ1965 እስከ 1968 በቢቢሲ ሬዲዮ «ራውንድ ዘ ሆርን» በተባለው የቀልድ ዝግጅት ጁሊያንና ሳንዲ የተባሉ ሁለት ገጸ ባሕርያት በየሳምንቱ ሲያወሩት ሕዝብ ሁሉ ሰማው። በተመሳሳይ ዓመታት ሕጉ ተለወጠ። ምስጢሩ ታወቀ፣ ምስጢር የማድረጉ አስፈላጊነትም ቀነሰ፤ አነጋገሩ ከዚያ ወዲህ መድከሙ አያስገርምም።

ለዚህ ተከታታይ አንባቢ ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው በ1964 ባሳተመው «የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች» ጥናቱ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና ዛር የያዛቸውን ሰዎች አነጋገር ተንትኗል። የአዝማሪውም ሰዋስው የአማርኛ ነው፤ የሚሰወረው ቃሉ ነው። ፖላሪን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ተርጓሚ ሁለት መንገድ አለው። የአራዳ ቃላት ቢጠቀም ወጣትነትን እንጂ ምስጢርን አያስተላልፍም። የአዝማሪውን የአሠራር ደንብ ተከትሎ ቃላት ቢያበጅ ግን ታዳሚው ባይገባውም ምስጢር መሆኑን ያውቃል፤ መድረኩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ይሻላል።

ፖላሪ ወንድን «እሷ» ብሎ መጥራቱ ግን ለአማርኛ አስቸጋሪ መስሎ ቀላል ነው። ፖሊሱን በሴት ስም መጥራትና በሴት ተውላጠ ስም ማውራት የፖላሪ ልማድ ነበር። አማርኛ አንስታይ ጾታን ለማሳነስ፣ ለማቆላመጥና ለመናቅ ይጠቀምበታል፤ ትንሽ ቤት «ቤቷ» ናት፤ ሕፃን ወንድ ልጅ በፍቅር «ነይ» ይባላል፤ የተናቀ ሰውም «መጣች ደግሞ» ይባላል። ስለዚህ «መጣች» የተባለ ፖሊስ በአማርኛ ወዲያው ያስቃል። ያው ቅርጽ ከውጭ ሰው ሲመጣ ስድብ፣ ከውስጥ ሰው ሲመጣ መቆላመጥ መሆኑም ከፖላሪው ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ከ«ሾጋ»ም ጋር።

ከመድረክ ውጭ

በኦገስት 2012 በካምፓላ «ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ማውንቴን» የተባለው ተውኔት በትንንሽ መድረኮች ታየ፤ ማእከላዊ ገጸ ባሕርዩ ወንድ የሚወድ የንግድ ሰው ነበር። በማግሥቱ ወር እንግሊዛዊው ፕሮዲውሰር ያለ ፈቃድ አሳይተሃል ተብሎ ታሰረ፤ ክሱ በኋላ ቢቋረጥም በፌብሩዋሪ 2013 ከአገር ተባረረ። በዚህ ክፍለ ዓለም መነባንብ የሚጽፍ ሰው ሰዋስውን እንደ መከላከያ የሚያይበት ምክንያት ከዚህ ይታያል።

ያው ጥያቄ በመድረክ ሳይሆን በጠባብ ክፍል የሚነሣበት ጊዜም አለ። በአውሮፓ ጥገኝነት የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ በአስተርጓሚ በኩል ሕይወቱን ሲተርክ የሚያቀርበው በዓይነቱ መነባንብ ነው፤ የሚፈርደውም ታዳሚው ነው። መኮንኑ በእንግሊዝኛ ስለ «አጋር» ጾታ ሳይጠቅስ ይጠይቃል። አስተርጓሚው በአማርኛ «ጓደኛህ የት ነው ያለው?» ወይም «የት ነው ያለችው?» ከማለት አያመልጥም፤ ጠያቂው ያልወሰነውን እርሱ ወሰነ። ተናጋሪው ዓመታት በለመደው ጥንቃቄ «እሳቸው» ብሎ ቢመልስ ደግሞ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ አንዱን ጾታ ይመርጣል፤ በሌላ ቀን ሌላ አስተርጓሚ ሌላውን ሊመርጥ ይችላል። በመዝገቡ ላይ አንዱ ቃል «እሱ»፣ ሌላው «እሷ» ሆኖ ሲገኝ ባለ ጉዳዩ የተምታታ ነገር የተናገረ ይመስላል፤ በአማርኛ ግን ከአንድ ቅርጽ አልወጣም።

እንዲህ ያሉ ትረካዎችን ቀድተው ወደ ጽሑፍ ለሚመልሱ ተመራማሪዎች ከዚህ የሚከተለው ሥራ ጥቃቅን ነው። በቃል በቃል ፍቺው መሥመር ላይ «እሳቸው»ን «እሱ» ብሎ መፍታት ቀርቶ «ሦስተኛ መደብ፣ አክብሮት» ብቻ መባል አለበት። የስዋሂሊው የባለቤት ቅጥያም ጾታ ሳይጨመርበት በስም ምድቡ ቁጥር ይመልከት። በነጻው ትርጉም መሥመር ላይ አንዱን ጾታ መጻፍ ግድ ከሆነ፣ የተመረጠበት ማስረጃ ከየት እንደመጣ፣ ከሌላ ግስ፣ ከስም ወይም ከጋብቻ ግስ፣ በዚያው መሥመር ይጠቀስ። «መጡ» ለሚለው ግስ ግን ይህም አይበቃም፤ አንድ የተከበረ ወንድ፣ አንዲት የተከበረች ሴት ወይም ብዙ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ሦስቱም ፍቺዎች በእኩል ደረጃ መመዝገብ አለባቸው።